«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኤሲ እንደ ሠርግ ልብስ ነው። አለ፤ ግን አይነካም። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ከተማ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃላ! ባለመኪናው ኤሲው መበላሸቱን የሚያውቀው ድሬዳዋ ሊሄድ ተነስቶ አዋሽ ሲቃረብ ነው። ከዚያ ጋራዥ። ከዚያ ፍርዱ፦ «ጋዝ አልቋል!» ጋዙ ይሞላል፣ ሂሳቡ ይከፈላል፣ ኤሲው ግን ያው ነው። ለካስ የተቃጠለችው አንዲት ቫልቮላ ነበረች!

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

አገራችን መኪናን ያወቀችው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጂቡቲ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ በረሃና ዳገት አልፎ፣ ለአፄ ምኒልክ መኪና አመጣ። በዚያ ዘመን የመኪና ማቀዝቀዣ ማለት ንፋስ ነው። ኤሲ ከፋብሪካ ተገጥሞ ለገበያ እስኪቀርብ ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ይቀር ነበር።

ያን ያደረገው የአሜሪካው ፓካርድ ነው፤ የ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ላይ። ዕቃው ግዙፍ ስለነበር የሻንጣ ማስቀመጫውን ግማሽ ያህል ይዞ ቁጭ አለ። ትልቁ ጉድ ግን ማጥፊያ አለመኖሩ ነው። በረደኝ ያለ ሰው ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ የኮምፕረሰሩን ቺንጋ በእጁ ማውለቅ ነበረበት። አንድ መልካም ነገር ግን ነበረው፦ ኮምፕረሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ፣ የሚበላሽ መስመርም የለም።

መፍትሔው በ1954 እ.ኤ.አ. ከናሽ ኩባንያ መጣ። ናሽ ከኬልቪኔተር ፍሪጅ አምራች ጋር አንድ ቤት ነበርና የብርድ ሥራ አልጠፋውም። ኮምፕረሰሩ ላይ በኤሌክትሪክ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን ገጠመ። ቺንጋው ዝም ብሎ ይዞራል፤ አሽከርካሪው ቁልፉን ሲነካ ግን ጠምዛዛ ሽቦው መግነጢስ ይሆንና ኮምፕረሰሩን ከፑሌው ጋር «ጠቅ» አድርጎ ያያይዘዋል። የዛሬው ራስ ምታታችን የተወለደው እንግዲህ ከዚህች «ጠቅ» ነው።

ለምን ቢሉ፣ ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ በቁልፉና በፍሪሲዮኑ መካከል ጠባቂ መደርደር ጀመሩ። ሪሌ መጣ። ጋዙ ሲያንስም ሆነ ግፊቱ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ የግፊት ስዊች መጣ። በኋላም ኮምፒውተር። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ኮምፕረሰሩ አይነሳም። ስለዚህ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን የጋዝ ሲሊንደር ከመጎተቱ በፊት ጆሮውን ያቆማል። ማራገቢያው ይነፍሳል፣ «ጠቅ» ግን የለም? ቫልቮላውን ያያል፣ ሪሌውን ይለውጣል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ዘንድ 12 ቮልት መድረሱን ይለካል። ከደረሰ፣ ጥፋቱ ጠምዛዛው ሽቦ ወይም የኔጋቲቩ መስመር ነው። ካልደረሰ፣ ወደ ኋላ እየለካ የተቆረጠበትን ይፈልጋል። ግፊት ስዊቹ ከቆረጠው፣ ያኔ ጋዙን በጌጅ መለካት ተገቢ ነው።

ደግሞም ጋዝ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ ካነሰ የሾለከበት ቦታ አለ። የሾለከው የት ይሄዳል? የድሮው አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመበት፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። የተተካው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይብሳል። ለአንዲት ቫልቮላ ሲባል ጋዝ አየር ላይ መልቀቅ እንግዲህ ከኪሳችን ያለፈ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ፉሪ። የቤንትሌይ መኪና ከጂቡቲ እየዳኸች የወጣችበትን ቁልቁለት ዛሬ ባቡር ይወርደዋል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢትዮ-ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ላይ ነበር። ከራሱ በላይ በተዘረጋ የ25,000 ቮልት ሽቦ የሚሄድ ባቡር! በዚያን ጊዜ በአጠገቡ የሚያልፈው ታክሲ ሁሉ የሚኖረው በቤንዚንና በናፍጣ ነበር። ዛሬ መኪናውም ባቡሩን እየተከተለ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስመጣት መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ቺንጋ የለም፤ ያቺ የ1954ቷ «ጠቅ»ም የለችም። ኮምፕረሰሩ የራሱ ሞተር አለው፤ የሚሠራውም በአብዛኛው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው። ኤሲው በብዙዎቹ ባትሪውንም ያቀዘቅዛልና ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። በ12 ቮልት ያደገ ባለሙያ ብርቱካንማውን ሽቦ እንደ ለመደው በቴስተር ልንካ ቢል ግን የሚቃጠለው ቫልቮላ ሳይሆን ራሱ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ውስጥ ሙያ የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ታላቁ ያሳያል፣ ታናሹ ያያል። አሁን ግን ታላቁም አዲስ ተማሪ ሆኗል። ሥልጠናው ከመኪናው ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ካልሆነ ዛሬ «ጋዝ አልቋል» የምንባለው ሰዎች ነገ «ባትሪው ሞቷል» እንባላለን፤ ሂሳቡ ደግሞ የጋዝ አይሆንም።