የአንጎል ደም ቅዳዎች መዘጋትና አከፋፈሉ

ሕዝብ ስትሮክ የሚለው ደዌ፣ ከውጭ ሲታይ የእጅና የእግር መዛል፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መታሰር ሆኖ አንድ መልክ ያለው ቢመስልም፣ ከውስጥ ግን የተዘጋው ደም ቅዳ በስፋቱና በሥፍራው የተለያየ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ለማውጣት ከመነሣቱ አስቀድሞ የመዘጋቱን ወገን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

እንደ ሊቃውንተ ሕክምና ሥርዓት፣ በአንገት ሽቅብ ወጥቶ ወደ ራስ ቅል የሚዘልቀው የውስጠኛው ካሮቲድ ጫፍ፣ ከእርሱም የሚቀጥለው የመካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ግንድ፣ ይኸውም ኤም 1 የተባለው ክፍል፣ ከዐቢይ መዘጋት ወገን ይቈጠራሉ፤ ከግንዱ የሚወጡት ቅርንጫፎች ኤም 2 እና ኤም 3፣ እንዲሁም የፊተኛውና የኋለኛው የአንጎል ደም ቅዳዎች፣ ከመካከለኛ መዘጋት ወገን ይመደባሉ። የአንጎልን ግንድ የሚመግበው ባዚላር ሲዘጋ ለሞት የሚያቀርብ በመሆኑ ለብቻው ይታያል።

ይህ አከፋፈል ለመጻሕፍት ጌጥነት ብቻ የወጣ አለመሆኑን የቅርቡ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሦስት ጥናቶች በቱቦ የሚደረገው ሕክምና የተሻለ ፍሬ እንዳላሳየ ገለጹ፤ ነገር ግን ከእነዚህ ታላቁ አይኤምኤስ 3 ሕሙማኑን ሲመርጥ የደም ቅዳውን መዘጋት በምስል ማረጋገጥን ግዴታ አላደረገም ነበር። በ2015 ግን ኤምአር ክሊን የተባለው የሆላንድ ጥናት፣ በፊተኛው የአንጎል የደም ዝውውር ከመነሻው አቅራቢያ ያለ ደም ቅዳ መዘጋቱ በምስል የተረጋገጠላቸውን 500 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ከ3 ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው የተገኙት በቱቦ ከታከሙት 32.6 በመቶ፣ ካልታከሙት 19.1 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። መሣሪያውም በዚያ መካከል ተሻሽሎ ነበርና ክብሩን ሁሉ ለምርጫው መስጠት ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሆኖም ያለ ምርጫው መሣሪያው ብቻውን ይህን ያህል ያደርግ ነበር ብዬ አላምንም። በ2025 የታተሙት ኢስኬፕ ሜቮና ዲስታል የተባሉ ጥናቶችም በመካከለኞቹና በቀጭኖቹ ሥሮች ላይ ያው ሕክምና በመድኃኒት ብቻ ከመታከም የበለጠ ጥቅም እንዳላስገኘ አስረዱ።

እንግዲህ ድንበሩ የት እንደሚቆም መጠየቅ ግድ ይሆናል። ኤም 1 የሚያበቃው ግንዱ ከሚከፈልበት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥሩ ወደ ላይ ከሚታጠፍበት ነው የሚሉም አሉ፤ ስለዚህም ያው ሕሙም በሁለት ሐኪሞች ዘንድ ሁለት ስም ሊሰጠው ይችላል። ምስል የሚያነብቡ ሐኪሞቻችን ከስሙ ጋር የተዘጋውን ሥር ስፋትና የሚመግበውን ክፍለ አንጎል ጨምረው ይጻፉልን።