የአርሲ ደጋና የተልእኮ ቋንቋ

የአርሲ ሕዝብ ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ በ1878 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ተሸነፈ። አብያተ ክርስቲያናትም ከጦሩ ሰፈር ጋር ተተከሉ፤ ስለሆነም ለብዙው አርሲ መስቀሉና ነፍጡ በአንድ መንገድ የመጡ መሰሉት። በተከታዮቹ ዐሥርተ ዓመታት እስልምና በአገሩ በሰፊው ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት ይኸው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

በዚያው ዘመን ከአርሲ ርቆ፣ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ፣ ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ይደክም ነበር። በቋንቋው ሥራ አስቴር ጋኖ ረዳችው። ሙሉው መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በስዊስ አገር ታተመ።

ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ የውጭ ሚስዮናውያን በአማርኛ እንዲያስተምሩ አዘዘ፤ የየአካባቢው ቋንቋ ግን በመጀመሪያው ጊዜ፣ ያውም በቃል ብቻ፣ እንዲያገለግል ፈቀደ። በዚህ ደንብ መሠረት የአሰላ ኦሮሞ ልጅ በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥረው በእናቱ ቋንቋ አልነበረም፤ በእናቱ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፍ ግን አስቀድሞ ታትሟል።

በበዓለ ኀምሳ ሐዋርያት የተናገሩት በየሰሚው ቋንቋ ነበር፤ የተልእኮም መሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የአርሲን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ የተጠማቂዎችን ቍጥር ከመቍጠሩ በፊት፣ ሰሚው ቃሉን በማን ቋንቋ እንደሰማ ሊጠይቅ ይገባዋል።