የዘጌን ቡና ማን ለቀመው?

ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደንቢያን አቋርጦ ጎርጎራ የደረሰ መንገደኛ ጣናን ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ነገሥታት ነው። ልማዳችን ነውና። አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠሩት በዚሁ ዳርቻ ነው፤ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1667 ሲሞቱ የተቀበሩት በሐይቁ መካከል በዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብም በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሳንጸዋል። እኔም በመርከብ ወደ ደቡብ ስሻገር የነገሥታቱን ስም እየቆጠርሁ ነበር። ዘጌ ስወርድ ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ዞረ።

ዘጌ በእርግጥ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ ልሳነ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም። ጠባዩ ግን የደሴት ነው። ሞፈርና ቀንበር አይታይበትም፤ ማረስና ከብት ማርባት በጥንቱ የገዳም ሥርዐት የተከለከለ ነው። በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቅላል። አፈ ታሪኩ ሦስቱም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው ይላል። ውብ ተረክ ነው፤ ባለቅኔ ቢሰማው አይጠግበውም። እኔን ግን፣ ምናልባት ተውኔት ጸሐፊ ስለሆንሁ ይሆናል፣ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። በትር ቡና ሊያበቅል ይችላል፤ የበቀለውን ግን ሊለቅም አይችልም።

ማን ለቀመው? የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 የነበረውን የዘጌን ኑሮ መርምረው መልሱን ሰጥተውናል። የቡናው ጌቶች ካህናት ነበሩ፤ ጉልበቱ ደግሞ የባሪያ ጉልበት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በትላልቅ ዓይኖቻቸው ወደ ውጭ ይመለከታሉ፤ ከደጅ በጥላው ሥር የሚያጎነብሰው ሰው ግን ከቆላ ተነጥቆ፣ በገበያ ተሸጦ የመጣ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት ዛንዚባርና ፔምባ በቅርንፉዳቸው የታወቁ ናቸው። ዛሬ እንግዳ ወደ ፔምባ የሚሄደው ጸጥታውን ፍለጋና በባሕሩ ውስጥ ጠልቆ ዓሣና ዛጎል ለማየት ነው። ያንን ቅርንፉድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተከሉትና የለቀሙት ከአህጉሩ ውስጥ የተጋዙ ባሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1872 ማዕበል የዛንዚባርን ዛፎች ሲገነድስ የፔምባ በአብዛኛው ተረፈ፤ የቅርንፉዱ ንግድም ወደዚያው አዘነበለ። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873፣ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1897 ነው። በእኛ አገር የ1924ቱ ዐዋጅ ነገሩን ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው።) እንግዲህ አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ዘመን ነው ማለት ነው።

የነገሥታቱ ስም በዜና መዋዕል፣ የጻድቃኑ በገድል ተጽፏል። የለቃሚዎቹን ስም ዘጌ በተዘዋወርሁበት ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። አንድ ሽማግሌ አባት ዘንድ ቀረብሁና፣ «አባቴ፣ በድሮ ጊዜ ቡናውን የሚለቅሙት እነማን ነበሩ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ቆይተውም ስለ ዘንድሮው ዝናብ ያወሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ተቀየምሁ። ታሪክን መደበቅ መሰለኝ። ማታ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ በእኛ ደጋ አገር የባሪያ ዘር መባል እስከ ዛሬ ስድብ መሆኑ ትዝ አለኝ። ስሙ ቢጠራ፣ በጎረቤት ያለው የልጅ ልጅ ነገ ሴት ልጁን ለመዳር ይቸገር ይሆናል። አባት ዝም ያሉት ለጌቶቹ ክብር ይሁን ለለቃሚዎቹ ልጆች ከለላ፣ ከፊታቸው ለማንበብ አልቻልሁም።

በማግሥቱ ስሰናበታቸው ባለቤታቸው አንድ ስኒ ቡና ሰጡኝ፤ ከደጃቸው የተለቀመ ነበር። ሦስተኛውን ሳልጠጣ እንዳልነሣ ለመኑኝና ተቀመጥሁ።