ከጥምቀት በኋላ የሚመጣ ጥርጥር፦ ከእለ እስክንድርያ ታሪክ የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አብዛኞቻችን ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችን ተጠምቀን፣ በቅዱስ ሜሮን ታትመን የሥላሴ ልጆች ሆነናል። መናገር በማንችልበት ዕድሜ የክርስትና አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ እኛ መልሰውልናል። በእናቶቻችን እቅፍ ሆነን ቆርበናል። ዕድሜያችን ከፍ ሲል፣ በተለይም ከቤተሰብ ርቀን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ሳንጠራው የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «በእውነት አምናለሁን? ሳላውቅ የተቀበልሁት ጥምቀትስ በእኔ ውስጥ ምን ሠራ?» የሚል። ይህ ጥያቄ ያደረበት ሰው ብዙ ጊዜ ለማንም አይናገርም። አንዱ ቀስ በቀስ ከቅዳሴ ይርቃል። ሌላው ይመጣል፤ ነገር ግን ቅዱስ ቁርባንን ፈርቶ ከዓመት ዓመት ከሩቅ ቆሞ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ «የቀድሞው አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ጥምቀት ፍለጋ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል።

ይህ ፈተና በእኛ ዘመን የተጀመረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን በጥንቱም ዘመን ተጠምቀው ልባቸው የተናወጠ ምእመናን እንደ ነበሩ ይነግረናል። ከእነርሱ የአንዳንዶቹ ታሪክ የተፈጸመው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእለ እስክንድርያ ነው። ኋላ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበለበት የማርቆስ መንበር ማለት ነው። የእነዚያን ምእመናን ጭንቀትና የእረኛቸውን መልስ የቂሳርያው አውሳብዮስ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ በ6ኛውና በ7ኛው መጽሐፍ ተጠብቆ እናገኘዋለን።

ጥርጥርና ክህደት

አስቀድመን ስሙን እንለይ። በግእዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ማለት ነው። ግማሽ ማለት የሆነው «መንፈቅ» እና «መናፍቅ» የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። እንግዲህ በአባቶቻችን ቋንቋ የሚጠራጠር ሰው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት አሳብ ያለው ብሎ፣ ነፋስ ከሚያናውጠው የባሕር ማዕበል ጋር ያነጻጽረዋል (ያዕ. 1፥6-8)። ስለዚህ ጥርጥርን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባም፤ ያልታከመ ጥርጥር ወደ ክህደት ያደርሳል።

ሆኖም ያልታከመ ቍስልና ሞት አንድ አይደሉም። የሚክድ ሰው ልቡ አልተከፈለም፤ ወስኖ ጀርባውን ሰጥቷል። የሚጠራጠር ሰው ግን የልቡ ግማሽ ገና ከጌታው ጋር ነው፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ርኩስ መንፈስ ያደረበት ልጅ አባት እምነቱንም አለማመኑንም በአንድ ጩኸት በጌታ ፊት አቀረበ፤ ጌታም አልጣለውም፣ ልጁን ፈወሰለት (ማር. 9፥24-27)። በእለ እስክንድርያ የሆነውንም የምናነበው በዚህ መንፈስ ነው።

መርምሮ ያመነው አባት

ቅዱስ ዲዮናስዮስ በማርቆስ መንበር 14ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። ከ247 እስከ 264 እ.ኤ.አ. ገደማ መንጋውን ጠብቋል። ከዚያ በፊት የታወቀው የእለ እስክንድርያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበረ። ለአንድ የሮም ካህን በጻፈው ደብዳቤ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ለተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ዲዮናስዮስ የመናፍቃንን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ንባቡ ነፍሱን ለጥቂት ጊዜ እንዳሳደፋት አልሸሸገም፤ ነገር ግን ስሕተታቸውን በራሱ መርምሮ ለመንቀፍ አስችሎታል። አንድ ካህን ወንድም ነፍሱ እንዳትጎዳ ፈርቶ ከዚህ ንባብ ሊያስቀረው ሞከረ፤ ዲዮናስዮስም ካህኑ እውነት እንደ ተናገረ ተሰማው። በዚህ መካከል ሳለ ከእግዚአብሔር ዘንድ በሆነ ራእይ ጸና። ሁሉን መርምሮ ለመለየት የሚችል ስለ ሆነ እንዲያነብ፣ ከመጀመሪያውም ወደ እምነት ያደረሰው ይኸው መመርመሩ እንደ ሆነ ተነገረው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መጠየቅና መመርመር በራሱ ከሃይማኖት መውጣት አይደለም፤ ለዚህ አባት የእምነት በር ሆኖለታል። ሁለተኛው፣ እርሱ የመረመረው መሠረት ይዞ፣ የካህን ወንድሙን ምክር እየሰማ፣ በእግዚአብሔር ፊት ሆኖ ነው። እኛ አንድ ገጽ ትምህርተ ሃይማኖት ሳናነብ በእኩለ ሌሊት በስልካችን ከአንዱ ክርክር ወደ ሌላው የምንዘልለው ግን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አይደለም። በዚያ መንገድ ጥያቄው ይበዛል፤ መልስ ለመስማት የሚያስችለው ጸጥታ ግን ይጠፋል።

በስደት የተገለጠ ግማሽ ልብ

በ250 እ.ኤ.አ. የሮም ንጉሥ ዳክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ያወጣው ትእዛዝ ተፈጻሚ ሆነ። የሠዋ ሰው መሠዋቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር፤ በፓፒረስ ከተጻፉት ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። በእለ እስክንድርያ ምእመናን በየስማቸው እየተጠሩ ወደ መሠዊያው ይቀርቡ ነበር። አንዳንዶቹ ራሳቸው ሊታረዱ የሚሄዱ ይመስል ፊታቸው ገርጥቶ እየተንቀጠቀጡ ቀረቡ፤ ሕዝቡም ሣቀባቸው። ሌሎች ቀድሞም ክርስቲያን አልነበርንም እያሉ በድፍረት ሮጡ። ሌሎች እስከ እስራት ድረስ ታግሠው ከጥቂት ቀን በኋላ ካዱ። ብዙዎች ደግሞ በሰማዕትነት ጸኑ። ሁሉም የተጠመቁት ጥምቀት አንድ ነበረ፤ ፈተናው ግን የማን ልብ ሙሉ፣ የማን ልብ ግማሽ እንደ ሆነ ገለጠ።

ስደቱ ጋብ ሲል ታላቅ ጥያቄ ተነሣ፤ የወደቁት ይመለሱ ዘንድ ይቻላልን? በሮም ኖቫትያኖስ የተባለ ካህን በሩ ይዘጋ አለ፤ ከማኅበሩም ተለየ። ዲዮናስዮስ ይህን አልተቀበለም። የሰማዕታቱን ምሳሌ ጠቀሰ፤ እነርሱ ከመሞታቸው በፊት የወደቁትን ወንድሞች ንስሓ አይተው ተቀብለዋቸው፣ አብረዋቸው ጸልየውና ማዕድ ቆርሰው ነበርና። ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ በጻፈው ደብዳቤም የሴራፕዮንን ታሪክ አስፍሯል።

ሴራፕዮን ዘመኑን ሁሉ ያለ ነቀፋ የኖረ፣ በመጨረሻ ግን በስደቱ ወቅት የሠዋ አረጋዊ ነበር። ይቅር በሉኝ እያለ ደጋግሞ ለመነ፤ የሰማው አልነበረም። ታመመ፤ ሦስት ቀን ሳይናገር ራሱን ስቶ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ነቃና የልጁን ልጅ ጠርቶ ካህን እንዲያመጣለት ላከው። ሌሊት ነበር፤ ካህኑም ታሞ ሊነሣ አልቻለም። ነገር ግን ዲዮናስዮስ ለሚሞቱት፣ ይልቁንም አስቀድመው ለለመኑት፣ በመልካም ተስፋ ይሄዱ ዘንድ ሥርየት እንዲሰጣቸው አዝዞ ስለ ነበር፣ ካህኑ ከቅዱስ ቁርባኑ ጥቂት ለሕፃኑ ሰጥቶ፣ አርጥቦ በአረጋዊው አፍ ውስጥ እንዲያንጠባጥብለት ነገረው። ሕፃኑ ሲመለስ ሴራፕዮን እንደ ገና ነቅቶ ጠበቀው። የተሰጠውንም ጥቂት ጥቂት እንደ ዋጠ ነፍሱን ሰጠ።

ይህ በስደት ዘመን፣ በጭንቅ ሰዓት የተደረገ ስለ ሆነ ዛሬ ለሥርዓት የሚጠቀስ አይደለም። ልንማርበት የሚገባን ግን አለ። ከጥርጥር አልፎ በአደባባይ የወደቀውን ሰው እንኳ እግዚአብሔር እስኪታረቅ ድረስ በሕይወት አቆየው፤ ዲዮናስዮስም ለፋብዮስ የነገረው ይህን ነው። ሰውየው ዳግመኛ አልተጠመቀም። የተሰጠው ከቀድሞው ማዕድ ነው።

በጥምቀት ቀን ያለቀሰው ምእመን

ከሁሉ ይልቅ ከእኛ ጭንቀት ጋር የሚቀራረበው ታሪክ ግን ቀጣዩ ነው። ዲዮናስዮስ የጻፈው ለሮሙ ጳጳስ ለሲክስቶስ ሲሆን፣ ሲክስቶስ በ257 ተሹሞ በነሐሴ 258 እ.ኤ.አ. ሰማዕት ስለ ሆነ ደብዳቤው የዚያ አጭር ጊዜ ነው። ዲዮናስዮስ ራሱም በ257 ክፍሮ ወደምትባል የሊቢያ ስፍራ ተግዞ ነበር።

ከጉባኤው መካከል ከድሮ ጀምሮ ምእመን ሆኖ የኖረ አንድ ሰው ነበር። ከዲዮናስዮስ ሹመት በፊት ጀምሮ በማኅበሩ ይታወቃል። አንድ ቀን ሌሎች ሲጠመቁ ቆሞ ሳለ የሚጠየቁትንና የሚመልሱትን ሰማ። በዚያን ጊዜ ልቡ ተሰበረ። እርሱ የተጠመቀው ቀድሞ በመናፍቃን ዘንድ ነበርና፣ ያ ከዚህ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል መሆኑን አወቀ። እያለቀሰ መጥቶ በጳጳሱ እግር ሥር ወደቀ፤ ዓይኑን ወደ እግዚአብሔር ለማንሣት እንኳ ድፍረት እንዳጣ ተናግሮ ይጠመቅ ዘንድ ለመነ።

የመናፍቃን ጥምቀት ጉዳይ በዚያ ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ታላቅ ክርክር ያስነሣ ነበር፤ እኛ እዚህ የምንመለከተው ሰውየው እንዴት እንደ ተያዘ ነው። ዲዮናስዮስ ከመጀመሪያ ሊጀምርለት አልደፈረም። ለብዙ ዘመን የምስጋናውን ጸሎት የሰማ፣ ከሕዝቡ ጋር «አሜን» ያለ፣ በማዕዱ ፊት ቆሞ እጁን የዘረጋና የጌታን ሥጋና ደም የተቀበለ ሰው እንደ አዲስ ሊጀመርለት አይገባም አለ። አይዞህ ብሎ አጽናናው፤ በጸና እምነትና በመልካም ተስፋ ወደ ቅዱሱ ማዕድ እንዲቀርብ መከረው።

ሰውየው ግን ወዲያው አልተጽናናም። ጳጳሱ ደብዳቤውን ሲጽፍ ገና ያለቅስ ነበር፤ ወደ ማዕዱ መቅረብን ይፈራል፣ ተለምኖም በጸሎቱ ላይ የሚገኘው በጭንቅ ነው። ልብ በሉ፤ ዲዮናስዮስ ይህን ሁሉ የጻፈው ከወንድሙ ምክር ፈልጎ ነው። ተሳስቼ ይሆን ብሎ ፈራ፤ ፍርሃቱንም ለብቻው አልያዘም። ምእመኑ ጭንቀቱን ወደ ጳጳሱ አመጣ፤ ጳጳሱ የራሱን ጭንቀት ወደ ሌላ ጳጳስ ወሰደ።

ለእኛስ?

ከእነዚህ ታሪኮች የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ጥርጥር የሚታከመው በማኅበሩ ውስጥ ነው። ዲዮናስዮስ በጥምቀቱ ላይ እውነተኛ ጥያቄ ለነበረው ሰው እንኳ የብዙ ዓመት «አሜን» ከንቱ እንዳልሆነ ከነገረው፣ በቅድስት ቤተ ክርስቲያን በሥላሴ ስም የተጠመቅን እኛማ ስለ ጥምቀታችን መጽናት እንዴት እንሰጋለን? በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው አንዲት ጥምቀትን ነው። ስሜታችን በቀዘቀዘ ቍጥር እንደ ገና የምንጀምረው ነገር አይደለም።

ይኸው ጸሎት በግእዙ «ነአምን» ብሎ ይጀምራል፤ እናምናለን ማለት ነው። 318ቱ ሊቃውንት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ያወጁት እምነትም በብዙ ቍጥር የተነገረ ነው። «እኔ አምናለሁ» ለማለት አንደበታችን በሚከብድበት ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆመን «ነአምን» ማለት እንችላለን። ይህ ግብዝነት አይደለም። ሕፃን ሳለን የክርስትና አባታችን ስለ እኛ እንደ መለሰልን ሁሉ፣ ልባችን በተከፈለበት ጊዜም የማኅበሩ እምነት ይሸከመናል።

እንግዲህ ጥያቄ ያደረባችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህን አድርጉ። ጥያቄያችሁን ለንስሓ አባታችሁ ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ ኀጢአት ብቻ ሳይሆን ጥርጥርም የሚነገረው በዚያ ነው። የንስሓ አባት ከሌላችሁ ዛሬ ያዙ። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ወይም በግቢ ጉባኤያችሁ ያሉ መምህራንን ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ያልገባን በሉ። ቅዳሴውን አታስታጕሉ፤ በንስሓ አባታችሁም ምክር ወደ ቅዱስ ቁርባኑ ቅረቡ። ጥያቄው በአንድ ቀን ባይፈታ አትደንግጡ፤ ያ የእለ እስክንድርያ ምእመንም እያለቀሰ ነበር በጸሎቱ ላይ የቆመው።

እኛ አገልጋዮችና ጓደኞችም ልብ ልንል ይገባናል። የሚጠራጠር ሰው ወደ እኛ ሲመጣ መናፍቅ ብለን ብናሸማቅቀው፣ ቀጥሎ የሚሰማውን ሰው ራሳችን መርጠንለታል ማለት ነው።

ሐዋርያው ቶማስ በትንሣኤው ዕለት ማታ ከወንድሞቹ ጋር አልነበረም፤ የነገሩትንም አላምንም አለ። ሐዋርያት ግን አላባረሩትም፤ እርሱም ትቷቸው አልሄደም። ከስምንት ቀን በኋላ በሩ ተዘግቶ ሳለ ከእነርሱ ጋር ነበረ፤ ጌታም መጥቶ የተወጋ ጎኑን አሳየው (ዮሐ. 20፥24-28)። በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ ይህን እናስባለን። ቶማስ በዚያ ሳምንት ጥርጥሩን ይዞ ከቤቱ ባይገኝ ኖሮ፣ ጌታን ባየበት ሰዓት ባልተገኘ ነበር።

የቅዱስ ዲዮናስዮስ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ እግዚአብሔር የተከፈለ ልባችንን አንድ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።