ዘፈኑ የማን ነው? ከሸክላ እስከ ስልክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር ዛሬም ኖት ሊያጽፈን ነው» እንዳትሉኝ። ፈተና የለውም።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ላሊበላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ሳስተምረው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዴስክ የሚደበድብ ልጅ ነበር። ስንት ጊዜ ከክፍል እንዳስወጣሁት እሱም እኔም አንረሳውም። አሁን ማሲንቆ ይጫወታል፤ ማታ ማታ ጠጅ ቤት ይሠራል፤ እናቱን የሚያስተዳድረውም በዚሁ ነው። «ቲቸር፣ እስኪ ይሄን ይዩልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግጥሙን ራሱ ያወጣውን፣ ዜማውንም ራሱ የሠራውን አንድ ዘፈን ቪዲዮ የሚጫንበት መድረክ ላይ ጭኖ፣ «ይህ ድምፅ የሌላ ባለመብት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ደረሰው። ወደኋላ ሄደን ስናጣራ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ጠጅ ቤት ውስጥ ሲዘፍን በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቪዲዮውን ለልጁም በቴሌግራም ልኮለታል፣ ለአንድ የሙዚቃ ቻናልም ሰጥቶታል። ቻናሉ በራሱ ስም አስመዘገበው። ድምፁ የልጁ፣ ግጥሙ የልጁ፣ ማሲንቆው የልጁ፤ በወረቀት ላይ ያለው ባለቤት ግን ሌላ።

«ታዲያ ቲቸር፣ ከራሴ ነው የሰረቅኩት ማለት ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደኋላ ማሰብ ጀመርኩ። ያኔ ነው ነገሩ ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የመጣ እንዳልሆነ የገባኝ። ድምፅ እቃ ላይ መቀረጽ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በአገራችን ጥያቄው አንድ ነው፦ ባለቤቱ የዘፈነው ነው ወይስ የቀረጸው?

ከመጀመሪያው እንጀምር። ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ እሸቴ ነው ይባላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄዶ የመኪና ሙያ ተማረ፤ እግረ መንገዱንም ግጥምና ዜማውን ሸክላ ላይ አስቀረጸ። ልብ በሉ፤ ድምፁ የምንጃር ሰው ነው፤ ማሽኑም ሸክላውም የፈረንጅ ነው።

ቀጥሎ መንግሥት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለብቻው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጠ። በዚያን ዘመን ስማቸው የሚጠራ ዘፋኞች አብዛኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ፦ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። ዘፋኙ ደመወዙን ይቀበላል፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳል፣ «ዘፈኔ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከወታደር አይጠበቅም።

ይህን አጥር የጣሰው በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው፤ አምሃ እሸቴ። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌው እያለ፣ ፈቃድ ሳይኖረው «አምሃ ሪከርድስ» ብሎ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በዓለማየሁ እሸቴ ተጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትላልቆች ወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው ሙዚቃ አንድ ትልቅ ክፍል በዚህ ሰው ድፍረት የተረፈ ነው። ደርግ መጣ፣ አምሃ አሜሪካ ገባ፣ የሸክላውም ዘመን ብዙ ሳይቆይ አበቃ። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም ያረፉት በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሁሌ «አሳታሚ ሌባ ነው» ማለት ቀላል ነው። አምሃ ገንዘቡንም ነፃነቱንም አስይዞ ነው የሠራው። ሌላውም አሳታሚ፣ አሊ ታንጎ የምንለው አሊ አብደላ ካይፋ፣ እንዲሁ ነው። እነሱ ባይኖሩ ያ ድምፅ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ግን የአሠራሩ ልማድ እንዲህ ነበር፦ ዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፣ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የአሳታሚው ነው። ነገ ምን ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነገ ግን መጣ። አሊ ታንጎ ያሳተመው የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ጀመረ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ገባ፤ በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ የእሱን ቅንብር ቆርጠው አዲስ ዘፈን ሠሩበት (እነዚህም ቁጥሮች በፈረንጅ ነው)። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ፈቃድ የሚጠየቀው ሁለት ቦታ ነው፦ ዜማውን ከደረሰው ሰው፣ እና ያንን የተቀረጸ ድምፅ ከያዘው ሰው። ሁለተኛው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በአሳታሚው እጅ ነው። ሙላቱ ደራሲ ስለሆነ የመጀመሪያው በር አለው። ሳክስፎን የነፋው፣ ከበሮ የመታው፣ በደመወዝ የዘፈነውስ? እሱ በየትኛው በር ይግባ?

ሕጉ በዚህ ጊዜ ምን ይል ነበር ትሉኝ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገራል። መልካም ሕግ ነበር፤ ግን ያሰበው ስለ ደራሲው ነው። ለዘፋኝ እንደ ዘፋኝነቱ የሰጠው መብት አልነበረም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ፤ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በልጅነቴ ቤታችን አንድ ቴፕ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እናሞቀው ነበር (የላስታ ልጅ ይህን ያውቀዋል)። አዲስ ካሴት መግዛት አይታሰብም፤ ከጎረቤት እንዋሳለን፣ ባለ ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ጋ ሄደን እናስገለብጣለን። ኦርጅናል ካሴት ላይ እንዳይቀረጽበት የተሰበረውን ጥርስ በወረቀት ደፍነን፣ የአንዱን ዘፋኝ ሥራ አጥፍተን የሌላውን እንቀዳበታለን። አንድ ቀን አባቴ የሚወደውን የአምባሰል ዘፈን አጥፍቼ ተገርፌያለሁ። የተገረፍኩት ግን ካሴቱን ስላበላሸሁ እንጂ ስለ ዘፋኙ ማንም ምንም አላለኝም። ዘፋኙ እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑ አይታየንም ነበር።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥር 410። ተማሪዎቼ፣ ይህችን ጻፏት። አዋጁ አንድ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ባለመብት እንዳለ ነገረን። አንደኛ፣ ግጥምና ዜማ የደረሰው። ሁለተኛ፣ የዘፈነውና የተጫወተው፤ ሕጉ «ከዋኝ» ይለዋል። ሦስተኛ፣ ድምፁን ያስቀረጸው ፕሮዲዩሰር። ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ለከዋኙም ለፕሮዲዩሰሩም 50 ዓመት ሰጠ። በ2007 ዓ.ም. በቁጥር 872 ሲሻሻል ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ሆነው ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ።

ሕጉ ሲወጣ ግን ካሴት ሊሞት ነበር። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ከዚያ ስልክ። የዓለሙም ሙዚቃ ወደ ኢንተርኔት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረው የስዊድኑ ስፖቲፋይ ትላልቆቹን አሳታሚዎች ፈቃድ ጠይቆ፣ ድርሻም ሰጥቶ ነው የተነሣው። ማለትም መጀመሪያ የተስማሙት አፑና አሳታሚው ናቸው፤ ዘፋኙ የሚደርሰው ከአሳታሚው ጋር ባለው ውል ልክ ነው። ቴይለር ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ክፍያው አነሰ ብላ ሥራዎቿን ከስፖቲፋይ አወጣች፤ በ2017 መለሰች። በ2019 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 6 አልበሞቿ ቅጂ ሳትፈልግ ለሌላ ሰው ተሸጠ። አንዳንዶቹን እንደገና ዘፍና አወጣች፣ በመጨረሻም በ2025 ዋናዎቹን ቅጂዎች ራሷ ገዛች። በ2024 መጀመሪያ ዩኒቨርሳል የተባለው ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ከቲክቶክ ጋር ተጣልቶ ዘፈኖቹን ለወራት አንሥቶ ነበር። የዓለም አንደኛዋ ዘፋኝ የራሷን ድምፅ ለማግኘት 6 ዓመት ከታገለች፣ የእኛ ባለማሲንቆ ቢደናገር ምን ይገርማል?

በእኛም አገር ተሞክሯል። ኤልያስ መልካ ከእነ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን አፕ አቋቋመ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ሙዚቀኛው ራሱ የመሸጫው ባለቤት ይሁን፤ ገዢውም ባንክ ሳይሄድ ከስልኩ ሒሳብ ይክፈል። ኤልያስ ግን አፑ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ መስከረም 2012 ላይ አረፈ። ከዚያ «ሰዋስው» መጣ፤ ከብዙ ድምፃውያን ጋር ውል ፈርሞ መሥራት ጀመረ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው። የእኛ ሰው ለዘፈን መክፈል አልለመደም፤ እኔ ራሴ በካሴት ዘመን ነው የለመድኩት። ኔትወርኩም አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ላሊበላ ውስጥ ዘፈን ማግኛው ሱቅ ሄዶ ሚሞሪ ካርድ ማስሞላት ብቻ ነበር። ባለሱቁ ይከፈለዋል፤ ዘፋኙ አይከፈለውም። ካሴት ማስገልበጥ ማለት ነው፣ ሌላ ስም ይዞ።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። አዋጁን አውጥተን አብረን አነበብነው። አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ የድርሰት ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በጽሑፍ ሲሰፍር ወይም በአንድ ነገር ላይ ሲቀረጽ ነው። የእኛ አገር አዝማሪ ደግሞ እዚያው ቆሞ ፊትህን አይቶ ነው ግጥም የሚያወጣው። አምባሰልና ባቲ ብለን ቅኝት የምንጠራው በወሎ የቦታ ስሞች ነው፤ የጋራ ሀብታችን ነው፣ የማንም የግል አይደለም። ግን በዚያ ቅኝት ላይ ዛሬ ማታ አንድ ልጅ የፈጠረው ግጥምና ዜማ የልጁ ነው። ካልጻፈው፣ ካልቀረጸው፣ መጀመሪያ የሚቀርጸው ስልክ የያዘው እንግዳ ይሆናል፤ ማስረጃውም በእንግዳው እጅ ይገባል።

ደግነቱ እዚያው አዋጅ ውስጥ ተስፋም አለ። የከዋኙን ክዋኔ ያለ ፈቃዱ ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም። የገንዘብ መብት ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው። ልጁ የፈረመው ወረቀት የለም፤ ጠጅ ሲጋበዝ «እሺ ቅረጸኝ» ማለት መብትን መሸጥ አይደለም። ስለዚህ ለመድረኩ ተቃውሞ አስገባን፤ እንግሊዝኛውን እኔ ጻፍኩለት፣ ስህተቱን የእንግሊዝኛ መምህራችን አረመልኝ። እስካሁን መልስ የለም። መልስ ሲመጣ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ እዚሁ እነግራችኋለሁ።

እስከዚያው ለምትዘፍኑ፣ ለምትጫወቱ ልጆቼ የምለው ይህን ነው፦

አንድ፣ አዲስ ግጥምና ዜማ ስታወጡ በዚያው ሳምንት በራሳችሁ ስልክ ቅረጹት፣ ግጥሙንም ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። ስትችሉ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቡት።

ሁለት፣ ወረቀት ሲሰጧችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ለስንት ዓመት? ለየትኛው አገርና መድረክ? ከሚገባው ስንት እጅ የእኔ ነው? ሒሳቡን ማን ያሳየኛል? መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው።

ሦስት፣ «አንድ ጊዜ ይህን ያህል እንስጥህ» ሲሏችሁ የሸክላውን ዘመን አስታውሱ።

ለእኛ ለአድማጮች ደግሞ፦ ጠጅ ቤት ገብታችሁ ስትቀርጹ ልጁን ጠይቁት፤ ቪዲዮውን ስትለጥፉ ስሙን ጻፉ። ከክፍያ በፊት ስም ይቀድማል። ስሙ ከሥራው ጋር አብሮ ያልሄደ ሰው ነገ ገንዘቡንም ሊጠይቅ አይችልም።

ሕግ ያጠናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ካላችሁ (እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ቤቴ ታድሩ ነበር) ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለዚህ ልጅ አንድ ደብዳቤ የሚጽፍለት ጠበቃ እንፈልጋለን። ክፍያው ማሲንቆ ነው።

መልካም ሰንበት።