በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጸች ከተማ

የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ የጥንት ከተማ ምን ትመስል እንደ ነበር ለማወቅ ይመኛል። ነገር ግን ግንብ ይፈርሳል፤ መርከብ ይቃጠላል፤ ያየውም ሰው ያልፋል። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን ለቆመች ከተማ የሚቀሩልን ምስክሮች ጽሑፍና ሥዕል ናቸው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ከሥዕል ወገን አንዱን፥ ማለት በመዳብ ተቀርጾ በወረቀት የታተመውን የቬኒስን ከተማ መልክ እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካናሌቶ እየተባለ የሚጠራው ስመ ጥሩ ሠዓሊ ጆቫኒ አንቶኒዮ ካናል በ1697 ዓ.ም. በቬኒስ ተወለደ። አባቱ የቴአትር መድረክ ሠዓሊ ስለ ነበረ ልጁም ሙያውን የጀመረው በአባቱ ሥራ ነው። በኋላ ግን ፊቱን ወደ ከተማይቱ መልሶ ቦዮቿንና አደባባዮቿን፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም ይሥል ጀመር። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች አእምሯቸውን ለማስፋት ወደ ኢጣልያ ይጓዙ ነበርና፥ ያዩዋትን ከተማ የሚያስታውስ ሥዕል ገዝተው መሄድ ይወዱ ነበር። ካናሌቶንም ከነዚህ ገዢዎች ጋር ያገናኝ የነበረው በቬኒስ ተቀማጭ የሆነው እንግሊዛዊ ነጋዴ ጆዜፍ ስሚዝ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሥዕል የሚሰቀለው በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በስሚዝ ቤት የነበሩትን ሥዕሎች አንቶኒዮ ቪሴንቲኒ በመዳብ ቀረጻቸውና በ1735 ዓ.ም. 14 ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ከነዚህ 12ቱ ታላቁን ቦይ፥ 2ቱ የበዓል ቀንን ያሳያሉ። በ1742 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 38 ከፍ አለ። መጽሐፉ ሥዕሎቹ በስሚዝ ቤት እንደሚገኙ በርእሱ ገጽ ስለሚናገር፥ ለነጋዴው ጥሩ ማስታወቂያም ሆኖለታል። ስሚዝም በ1762 ዓ.ም. ያከማቸውን ሀብት ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ በ20,000 ፓውንድ ሸጠ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተወለወለው መዳብ ሰም ባለበት ቅባት ይሸፈናል። ቀራጩ በመርፌ ቅባቱን እየፋቀ መስመር ያወጣል፤ አሲድ ሲደረግበትም የተፋቀውን ብቻ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ቀለም ወደ መስመሮቹ ይገባል፤ ፊቱ ይጠረጋል፤ ርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በማተሚያው መዳመጫዎች መካከል ያልፋል። በወረቀቱ ላይ ግራው ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ ቀራጩ ሁሉን ገልብጦ መቅረጽ ነበረበት። ይህን ባያደርግ በቦዩ ግራ ያለው ቤተ ክርስቲያን በቀኝ ቆሞ ይታይ ነበር።

አሁን የዚህን ድካም ጥቅም እንመልከት። በ1797 ዓ.ም. የቬኒስ ሬፑብሊክ በናፖሊዮን ጦር ፊት ወደቀ። የከተማይቱ መስፍን በዕርገት በዓል ይሳፈርበት የነበረው ባለ ወርቅ መርከብ ቡቺንቶሮ በ1798 ዓ.ም. ወርቁ ተገፎ ጌጡ ተቃጠለ። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የነበረው የሳን ጀሚኒያኖ ቤተ ክርስቲያን በ1807 ዓ.ም. ፈረሰ። በዚያው አደባባይ ያለው ረጅሙ የደወል ግንብም በ1902 ዓ.ም. ተንዶ በ1912 ዓ.ም. እንደገና ተሠርቶ ተመረቀ። ዛሬ መርከቡንና ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ቀድሞው ሆነው የምናያቸው በሥዕል ነው።

ታዲያ ሥዕሉ ሁሉ እውነት ነውን? ካናሌቶ ለዓይን እንዲያምር ሲል ሕንፃዎችን ያቀራርብ፥ ከሁለት ስፍራ የታየውንም በአንድ ሸራ ያገናኝ ነበር። እርሱ ራሱ በ1744 ዓ.ም. ገደማ በመዳብ ቀርጾ ባወጣቸው ሥዕሎች ርእስ ላይ፥ አንዳንዶቹ ከቦታው የተወሰዱ፥ ሌሎቹ ግን በሐሳብ የተፈጠሩ መሆናቸውን በግልጥ አስታውቋል።

ቀራጩም የማያሳየው ነገር አለ። በካናሌቶ የቀለም ሥዕሎች በቤቶቹ ግድግዳ ላይ ውሃው የሚያበቅለው አረንጓዴ ሽበት መስመር ይታያል። የኢጣልያ ሊቃውንት ይህን መስመር ከዛሬው ጋር አስተያይተው፥ መሬቱ በመስመጡና ባሕሩ ከፍ በማለቱ ውሃው ከካናሌቶ ዘመን ወዲህ ወደ 60 ሴንቲሜትር መውጣቱን በ2003 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጥቁር ቀለም ብቻ ያለው የመዳብ ሥዕል ግን ይህን አረንጓዴ ሊነግረን አይችልም። በአንጻሩ የቀለሙን ሥዕል ያላዩ ብዙ ሰዎች ቬኒስን ያወቋት በዚሁ ወረቀት ነው።

አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እንደሚባለው፥ አንድ ምስክርም ብቻውን ታሪክን አያጸናም። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ የጥንት ሥዕል በፊታችን ሲቀርብ ማን ሠራው፥ ለማን ሠራው፥ ምንስ አስቀረ ብለን እንጠይቅ። ከዚያም መልሱን ከጽሑፍና ከቆመው ግንብ ጋር እናስተያይ። ያን ጊዜ የታሪክ ትምህርታችን ስምና ዓመት ማጥናት ብቻ መሆኑ ይቀርና እውነትን መመርመር ይሆናል።