መበለት አድራጊው፦ ራሱ የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ታሪክና የሚያስተምረን ነገር



ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዳክዬ አደን ሊወጣ ነው፤ ሾትገን ገዝቷል። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር አንዴ ከተኮስኩበት በኋላ ራሱ ያጎርሳል። ማን ነው የፈለሰፈው?» አለኝ። መልሱን ለእሱ ብቻ ጽፌ መተው አልፈለግሁም። ምክንያቱም የዚህ መሣሪያ ታሪክና ጥንቃቄው ተነጣጥለው የሚነገሩ አይደሉም። ከታሪኩ ውስጥ ሰው የሞተበት ምዕራፍ አለ፤ የሞቱበትም ምክንያት ዛሬም በየቤቱ ያለ ነው። ስለዚህ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሾትገን ምንድን ነው? እኛ በብዛት የምናውቀው አንድ እርሳስ የሚተፋውን ጠመንጃ ነው። ሾትገን ግን በአንድ ጥይት ውስጥ ብዙ ትናንሽ እንክብሎች ይዞ በአንድ ጊዜ ይበትናቸዋል። ለሚበር ወፍ የተሠራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ባላባት አዳኝ የሚይዘው ባለ ሁለት ቱቦውን ነበር። ጠመንጃው ከወገቡ ይታጠፋል፤ ሁለት ጥይት ይጎርሳል፤ ሁለት ጊዜ ይተኮሳል፤ አለቀ። ይህ መሣሪያ አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው። ከታጠፈ አይተኩስም። በሁለቱ ቱቦዎች በኩል ብርሃን ይታያል። ከማዶ ያለ ሰው እንኳን ቀና ብሎ «የእገሌ ጠመንጃ ባዶ ነው» ማለት ይችል ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ሰውየው። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ በ1855 በዩታ ግዛት፣ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ልጁ ከ1883 ጀምሮ ፈጠራዎቹን ዊንቸስተር ለተባለው ትልቅ ኩባንያ በቁርጥ ዋጋ እየሸጠ ኖረ። ኩባንያው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ፈጠራውን ይወስዳል፣ በቃ። ብራውኒንግ ግን በ1890ዎቹ መጨረሻ ትልቅ ነገር ሠራ፦ ሲተኮስ በራሱ ጉልበት ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት የሚያጎርስ ሾትገን። የፈጠራ ባለመብትነቱን በ1900 አስመዘገበ። የሠራው ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ስለገባው በዚህኛው ላይ በቁርጥ ዋጋ አልስማማ አለ። ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ ይታሰብልኝ አለ። የዊንቸስተሩ አለቃ እምቢ አሉ። የዓመታት ሽርክና በዚያው ፈረሰ።

ብራውኒንግ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ተፎካካሪው ወደ ሬሚንግተን ሄደ። ጥር 8 ቀን 1902 ነው። የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሊን ሊያነጋግር ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በልብ ድካም መሞታቸውን ነገሩት። እንግዲህ ምን ቀረው? መርከብ ተሳፍሮ ወደ ቤልጅየም አቀና፤ ሊየዥ አጠገብ ኤርስታል ወደሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ። እነሱ አላመነቱም። ከመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች ውስጥ 10,000ውን ብራውኒንግ ራሱ አሜሪካ ወስዶ ሊሸጥ አዘዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ቤታችን ጎራ እንበል። አያቶቻችን «በልጅግ» እያሉ የፎከሩበት ጠመንጃ ስሙ የመጣው ከዚችው ከቤልጅየም ነው። በ1930ዎቹ ይኸው የኤርስታል ፋብሪካ ማውዘር ጠመንጃዎችን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሸጧል፤ በዚያው ዘመን የክብር ዘበኛን ለማሠልጠንም የቤልጅየም መኮንኖች አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ብራውኒንግም በ1926 ያረፈው በዚያው በኤርስታል ፋብሪካ ውስጥ፣ ሥራ ላይ ሳለ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል? ስሙ ኋላ «አውቶ ፋይቭ» ተባለ፤ አራት ጥይት ካዝናው ውስጥ፣ አንድ ጎርሶ፣ በድምሩ አምስት። ካዝናው ከዋናው ቱቦ ሥር እንደ ቧንቧ የተዘረጋ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ እንደሚመታ ታውቃላችሁ። ብራውኒንግ ያንን ምት ሥራ ላይ አዋለው። ምላጩ ሲሳብ ቱቦውና መዝጊያው እንደተቆላለፉ አብረው ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ከዚያ መዝጊያው እዚያው ይያዛል፤ ቱቦው ብቻውን በስፕሪንግ ተገፍቶ ወደ ፊት ይመለሳል። ባዶው ቀለህ በመዝጊያው ተነክሶ ይቀርና ወደ ጎን ይወረወራል። ቀጥሎ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይነሣል፣ መዝጊያው ወደ ፊት ይመጣል፣ ያጎርሰዋል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል። እናንተ ያደረጋችሁት አንዴ ምላጭ መሳብ ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ግን እንደገና ጎርሶ፣ ተቀባብሎ፣ ለመተኮስ ዝግጁ ሆኖ እጃችሁ ላይ አለ።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጧት። ባለ ሁለት ቱቦው መሣሪያ ባዶነቱን በአደባባይ ያሳይ ነበር። ይኼኛው ግን ሆዱን ደብቋል። ከውጭ ሲያዩት ጎርሶም ባዶም አንድ ዓይነት ነው። የእንግሊዝ ባላባቶች ለረጅም ጊዜ በአደን ቦታቸው ይህን ጠመንጃ አላስገባም ያሉት ለወጉ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤትን ጠመንጃ ባዶነት በዓይን ማረጋገጥ ስለማይቻልም ጭምር ነው።

አሁን ወደ መራሩ ምዕራፍ። ዊንቸስተር ብራውኒንግን ከሸኘ በኋላ ገበያው አመለጠው። ሬሚንግተን እንኳን በ1905 ከብራውኒንግ ፈቃድ ወስዶ ያንኑ ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ዊንቸስተር የራሱን ሊሠራ መሐንዲሱን ቲ. ሲ. ጆንሰንን አዘዘ። ችግሩ ግን ብራውኒንግ የፈጠራ መብቱን አጥብቆ አጥሮታል። ከአጥሩ ውስጥ አንዱ በመዝጊያው ጎን ያለችው ማቀባበያ እጀታ ነበረች። ጠመንጃን በእጅ ለማቀባበል ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ ግን መንካት አይቻልም። ጆንሰን ዓመታት ደክሞ ዘዴ አገኘ። እጀታ የለም፤ በምትኩ ቱቦው ራሱ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት፣ ከቱቦው ላይ እጅ እንዳያንሸራትት የተሞረደ ቦታ አበጀለት። ለማቀባበል ቱቦውን ጨብጦ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ጠመንጃው በ1911 ወጣ፤ ሞዴል 1911 ተባለ።

በወረቀት ላይ ብልህ መፍትሔ ነው። ሜዳ ላይስ? የዚያን ዘመን የሾትገን ጥይት ገላው ከወረቀት የተሠራ ነበር። ዳክዬ የሚታደነው ደግሞ ረግረግ ውስጥ፣ በዝናብና በጤዛ ነው። ወረቀቱ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ያበጠው ጥይት ጎርሶ ይቀረቀራል፣ አልወጣም ይላል። አዳኙ ቱቦውን ቢስብ ቢስብ እምቢ ይለዋል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ሰደፉን መሬት ላይ ይተክልና፣ ቱቦውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በሰውነቱ ክብደት ወደ ታች ይጫነዋል። አፈሙዙ የት እንዳለ አሰባችሁት? ፊቱ ላይ ነው። ጥይቱም ገና ውስጥ አለ። በዚህ መንገድ ሰዎች ተጎድተዋል፣ ሞተዋል። ጠመንጃውም «መበለት አድራጊው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ባል ይወጣል፣ ሚስት ብቻዋን ትቀራለች ማለት ነው። ወደ 83 ሺህ ገደማ ከተመረተ በኋላ በ1925 ማምረቱ ቆመ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ ጥፋተኛ ለመፈለግ ስትነሣ የምታጣው መሆኑ ነው። ብራውኒንግ መብቱን ጠበቀ፤ ያ ወንጀል አይደለም። ጆንሰን ሕግ ሳይጥስ መውጫ ፈለገ። አዳኙም የተቀረቀረበትን ጥይት ለማውጣት ታገለ። የቢሮ ክርክር በ10 ዓመቱ ረግረግ ውስጥ የማያውቁትን ሰው ገደለ። ነገር ግን አንድ ነገር ሁሉንም ማዳን ይችል ነበር፦ «አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፤ ወደ ራስህም ቢሆን» የሚል የማይታጠፍ ልማድ። ጠመንጃው ቢጣበቅም፣ ቢያናድድም፣ ዝናብ ቢመታም። መሐንዲሱ ያላሰበውን አደጋ የሚሸፍነው ልማድ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የወረቀቱ ጥይት በፕላስቲክ ተተካ። የመጀመሪያዎቹ አውቶ ፋይቮች ሴፍቲያቸው ከምላጩ ፊት፣ ያውም ምላጩ ያለበት ቀለበት ውስጥ ነበር፤ ሴፍቲ ለመክፈት ጣት ወደ ምላጩ መንደር መግባት ነበረበት። ኋላ ከምላጩ ጀርባ ወደሚገፋ ቁልፍ ተቀየረ። በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 በባሩዱ ጋዝ ግፊት የሚሠራ ሆኖ ምቱን አለሰለሰ። በ1967 ኢጣሊያ ውስጥ የተቋቋመው ቤኔሊም የራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። በ1935 የአሜሪካ መንግሥት ስደተኛ ወፎችን ለማደን ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ደነገገ፤ ይህ ለወፎቹ ሲባል ነው። ለሰዎቹ ደግሞ በ1949 የኒውዮርክ ግዛት አዲስ አዳኞች ትምህርት ሳይወስዱ ፈቃድ እንዳያገኙ አስገደደ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ማሽኑ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ያስተማረንን ላስቀምጥ፦

1ኛ. «ባዶ ነው» የሚል ቃል አትመኑ። የማንንም፣ የራሳችሁንም። ራሱ በሚያጎርስ ጠመንጃ ትልቁ ወጥመድ ይኼ ነው፦ ማቀባበያውን ስባችሁ አንድ ጥይት ዱብ ሲል «ወጣ» ትላላችሁ፤ ከካዝናው ግን ሌላው ተነሥቶ ጎርሷል። ስለዚህ ሴፍቲው ተዘግቶ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ ካዝናው መጀመሪያ ይራገፋል። ቀጥሎ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ ክፍት ሆኖ ይያዛል። ጥይት የሚጎርስበት ቦታም፣ የካዝናው አፍም በዓይን ይታያል፤ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰሳል። ለሰው ስታቀብሉትም እንደተከፈተ ይሁን።

2ኛ. ሴፍቲ ብረት ነው። ያልቃል፣ ይቆሽሻል። የአፈሙዝን አቅጣጫ አይተካም።

3ኛ. ጣት ምላጭ ላይ የሚያርፈው ኢላማው ከታየ፣ ከኢላማው ጀርባ ያለውም ከታወቀ በኋላ ነው። ከተኮሳችሁ በኋላ ጣታችሁን አውጡ፤ ጠመንጃው እንደሆነ እናንተን ሳይጠይቅ ሁለተኛውን አጉርሷል።

4ኛ. ጥይት አትቀላቅሉ። የሾትገን ቁጥር አቆጣጠሩ ግልብጥ ነው። 12 ቁጥር ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢሠራ የአንዱ ስፋት ማለት ነው፤ ስለዚህ 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር ይቀጥናል። 20 ቁጥሩ ጥይት በስሕተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ቱቦው ውስጥ ይወተፋል። ባለቤቱ «አልተኮሰም» ብሎ 12ቱን ከኋላው ካስከተለ ቱቦው ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ጥይት ቢጫ የሚቀባው ለዚህ ነው። ቢጫና ሌላ ቀለም አንድ ኪስ ውስጥ አይደሩ።

5ኛ. ምላጭ ተስቦ ካልጮኸ ቶሎ አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ደኅና አቅጣጫ እንዳዞራችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። ደከም ያለ «ጷ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ቁሙ፤ አራግፉት፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ እዩ። ጭቃም በረዶም ያው ነው። የተወተፈ ቱቦ ቦምብ ነው። ከተጣበቀባችሁም ሰደፉን መሬት ተክላችሁ አትታገሉ፤ የ1911ዱን ሰዎች አስቡ።

6ኛ. አጥር ሲሻገሩ፣ ጀልባ ሲሳፈሩ፣ መኪና ሲገቡ መጀመሪያ ይራገፍ። ቤት ሲገባ ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ለውጭ ነዋሪዎች ብቻ አይደለችም። እኛ ጠመንጃን በክብር የምናይ ሕዝብ ነን። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል፤ ቤት ሲደረስ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፣ ሕፃን ልጅ ሥሩ ይጫወታል። የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ (ቁጥር 1177/2012) ከወጣም ዓመታት አልፈዋል፤ ሕግ ግን ምሰሶው ድረስ ገብቶ ጠመንጃ አያራግፍም። ያንን የሚያደርገው አባወራው ነው፤ እማወራዋም «አራግፈኸዋል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ጀግንነት የሚለካው ተቀባብሎ በተሰቀለ መሣሪያ ከሆነ፣ የአያቶቻችን ጀግንነት አልገባንም ማለት ነው። እነሱ ጥይት ብርቅ በሆነበት ዘመን አንዷን እንኳን በከንቱ አይተኩሱም ነበር።

የዚህ ጠመንጃ የመቶ ዓመት ታሪክ ለእኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ መሣሪያው በራሱ የሚሠራው ሥራ በጨመረ ቁጥር፣ የሰውየው ማየትና መዳሰስ አብሮ መጨመር አለበት። ማሽኑ ያጎርሳል እንጂ አያስብም።

ቤታችሁ መሣሪያ ያለ ዛሬ ማታ አንዴ ተነሥታችሁ እዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። መሣሪያ ያለው ወዳጅ ያላችሁም አድርሱለት።

ቸር ያሰማን።